የፈረስ ውሃ በወላይታ፦ ከዘመቻ ፈረስ እስከ ማዳበሪያ ጋሪ

በሰሜኑ የዓለም ክፍል፣ በሞንጎሊያም ሆነ በካናዳ፣ ፈረስ አርቢው በታኅሣሥና በጥር ማለዳ መጥረቢያ ይዞ ይወጣል። የማጠጫው ገንዳ በረዶ ሆኖ ስለሚያድር ሰብሮ ማጠጣት ግድ ይለዋል። ገንዳውን በኤሌክትሪክ የሚያሞቅም አለ። በአገራችን ውሃ የሚያረጋ ብርድ እንደ ባሌ ሰነቴና እንደ ሰሜን ተራሮች ያለ የውርጭ አገር ጉዳይ ነው። ዳሞታ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ቢኖረውም ለሶዶና ለኦቶና ብርዱን ይልካል እንጂ ገንዳ አያረጋም።

ይሁን እንጂ እነዚሁ ወራት ለወላይታ ፈረስም ክፉ ናቸው። በበጋ ምንጩ ይቀጥናል፣ ሣሩ ይደርቃል፣ ፈረሱም አገዳና ጭድ ይበላል። ደረቅ መኖ የበላ ፈረስ በቂ ውሃ ካላገኘ መኖው አንጀቱ ውስጥ ደርቆ ይዘጋበታል። ሆዱን ዞሮ ያያል፣ መሬት ላይ ይንከባለላል፣ ካልታከመም ሊሞት ይችላል። በበረዶ አገር ፈረስ የሚገድለው ቁርጠትም ይኸው ነው፤ እዚያ ውሃው ስለሚቀዘቅዝ አይጠጣም፣ እዚህ ስለሚርቅ አያገኝም።

ጉዳዩ የቆየ ነው። በወላይትኛ «ፓራ» የሚባለው ፈረስ በካዎዎቹ ዘመን የጦርነትና የክብር እንስሳ ነበር። የኦሞ ሸለቆ በገንዲ በሽታ ምክንያት ስለማይስማማው ኑሮው በደጋና በወይና ደጋ ነው። በ1887 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ጦር በካዎ ጦና ላይ የዘመተው በበጋ ነው። በጋ መንገዱ ስለሚደርቅና ወንዙ ስለሚሻገር ለዘማች ይመቻል፤ ብዙ ፈረስና በቅሎ ይዞ የሚጓዝ ጦር ግን ሰፈሩን የሚመርጠው ውሃ አይቶ ነው። በ1920 ዓ.ም. ዶክተር ቶማስ ላምቢ የመሯቸው ሚሲዮናውያን ወደ ወላይታ የመጡትም በበቅሎ ነበር። ኦቶና ላይ የቆመው ጣቢያቸው በኋላ ሆስፒታል ሆነ።

በ1962 ዓ.ም. «ዋዱ» ሥራ ሲጀምር ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር ለአርሶ አደሩ መድረስ ጀመረ። በ1991 ዓ.ም. የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147 ከወጣ በኋላም በየአካባቢው ዩኒየኖች ተቋቋሙ። ከመጋዘን እስከ ቀበሌ ያለውን መንገድ ግን መኪና ብቻ አልሸፈነውም፤ የጋሪ ፈረስም ድርሻ ነበረው። ለበልግ የሚሆነው ማዳበሪያ የሚጓጓዘው ደግሞ ውሃ በሚያጥርበት በበጋው መጨረሻ ነው።

ትንሹ የአገራችን ፈረስ ሥራ በማይሠራበት ቀን ከ12 እስከ 15 ሊትር ውሃ ይበቃዋል። በፀሐይ ጭነት ሲጎትት እጥፉንና ከዚያም በላይ ይፈልጋል፤ ይህም ከአንድ ጄሪካን ይበልጣል። ጄሪካኑን ከምንጭ የምታመጣው አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ ልጅ ናት። ውሃው መጀመሪያ ለሰው፣ ቀጥሎ ለላሟ ይደርሳል፤ ፈረሱ የተረፈውን ይጠብቃል። በዚህ ባለቤቱን መውቀስ አይገባም። መታየት ያለበት ሌላ ነው። ለሰው የውሃ ቦኖ ሲሠራ ለእንስሳት የሚሆን ገንዳ ከጎኑ ማበጀት ወጪው ጥቂት ሆኖ ሳለ በየቦታው ይረሳል። መጋዘን ሲሠራም ለጭነት መኪናው መዞሪያ ይለካል፣ ወረፋ ለሚጠብቀው ፈረስ ግን ጥላም ውሃም አይታሰብለትም።

የፈረስን ጥማት በአንገቱ ቆዳ ቆንጥጦ ለማወቅ መሞከር በብዙዎች ዘንድ የተለመደ ነው። በሥራ ፈረሶች ላይ የተደረገ ጥናት ይህ ምልክት እንደማይታመን አሳይቷል። የሚሻለው ውሃ አቅርቦ ማየት ነው። አልቦት የመጣ ፈረስ ውሃ አይጠጣም የሚለው የቆየ ፍርሃትም ብዙ ፈረስ አስጠምቷል። ለሁለት የተሰነጠቀ በርሜል በመጋዘኑ በር ጥላ ሥር ቢቀመጥ ባለጋሪው ተራው እስኪደርስ ያጠጣል፤ ልጓሙን ካወጣለት ደግሞ ፈረሱ እስኪጠግብ ይጠጣል።