«እንዴት ነው፣ አማረብኝ?»፦ ልብስ ሲሞከር ስለሚጠየቅና ስለሚሰጥ አስተያየት

ስለ ሀገራችን አለባበስ የጻፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የተመለከቱት ልብሱን ነው፤ ከምን እንደ ተሠራ፣ ከየት እንደ መጣ፣ ማን እንዲለብሰው እንደ ተፈቀደለት። እኛ ግን በዚህች አጭር ጽሑፍ ለመመርመር ያሰብነው ስለ ልብሱ የሚነገረውን ቃል ነው። አንድ ሰው አዲስ ልብስ አጥልቆ «እንዴት ነው፣ አማረብኝ?» ሲል የሚጠይቀው ማንን ነው? የሚመለስለትስ እውነት ነው ወይስ ወግ? ነገሩ ተራ ይመስላል። ይሁን እንጂ ይህ ጥያቄ፣ ዛሬ በምንሰማው መልኩ፣ ከኮትና ከመስተዋት ጋር ተከትሎ የመጣ ነው ለማለት እንደፍራለን።

ሸማ አይሞከርም። ነጠላም ሆነ ኩታ ወይም ጋቢ በገላ ልክ የሚቆረጥ ስላልሆነ ጠበበ ወይም ሰፋ የሚባልበት ምክንያት የለም፤ የአባቱን ጋቢ ልጁ ቢደርበው ያው ጋቢ ነው። እርግጥ እጀ ጠባብና ሱሪ በመርፌ የሚሰፉ ነበሩ፤ ነገር ግን ከሸማው ሥር ስለሚውሉ ዓይን አይበዛባቸውም። ስለዚህ አስተያየት የሚሰጠው ከመልበስ በፊት ነበር፤ ሰጪዎቹም ፈትል የሚያውቁ ሴቶች ነበሩ። እመቤቲቱ ጥጡን ፈትላ ወይም አስፈትላ ልቃቂቱን ለሸማኔ ትሰጣለች። ሠርቶ ሲያመጣ ጎረቤት ያሉት ባልቴቶች ሸማውን ወደ ብርሃን አንሥተው ያዩታል፤ በጣታቸው መካከል ያሻሹታል፤ ማጉ መሳሳቱን፣ ፈትሉ መጓጎሉን፣ ጥለቱ መጣመሙን ሳያፍሩ ይናገራሉ። ይህ ፍርድ ምሕረት የለውም። የሚያርፈው ግን በፈታይዋና በሸማኔው ላይ እንጂ በለባሹ ላይ አይደለም።

ለባሹን የሚነካው አስተያየት ሌላ ነበር፤ ይኸውም ስለ አጣጣሉ ነው። ሸማ በትልቅ ሰው ፊት ሲቀርቡ ይታደገደጋል፤ በቤተ ክርስቲያን በመስቀል አምሳል ይጣፋል፤ በለቅሶ ጊዜ ጥለቱ ወደ አንገት ይወጣል። እንግሊዛዊው ተጓዥ ማንስፊልድ ፓርኪንስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1853 ባሳተመው መጽሐፉ ስለዚህ አለባበስ ጽፏል፤ አንትሮፖሎጂስቱ ሲሞን ሜሲንግም በ1960 (አሁንም በአውሮፓ አቆጣጠር) የሸማ አጣጣል ያለ ድምፅ የሚነገር ቋንቋ መሆኑን በአንድ ጥናት አሳይቷል። እኛ በዚህ ላይ የምንጨምረው አንድ ነገር ነው። አባት ልጁን «አደግድግ!» ሲለው አስተያየት መስጠቱ ነው፤ ልጁ ግን አልጠየቀውም። የሚታረመውም ጠባዩ ነው እንጂ መልኩ አይደለም።

አዲስ ልብስ የለበሰ ሰው ሲታይ ደግሞ የሚባለው ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ «በደስታ ልበሰው»፣ «በላይህ ይለቅ»። ለባሹም «አሜን» ይላል። ይህ ምርቃት ነው፤ በምርቃት ውስጥ ደግሞ «ግን» የሚባል ቃል አይገባም። የሚያምርበትም የማያምርበትም እኩል ይመረቃሉ፤ ምናልባት ጥበቡ እዚህ ላይ ይሆናል።

ኮት ይህን ሁሉ ለወጠው። የባቡር ሐዲድ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ የውጭ ሀገር ጨርቅ እንደ ልብ መምጣት ጀመረ፤ በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ከተመለሰ በኋላም መሥሪያ ቤቱና ትምህርት ቤቱ ሲበዛ ኮትና ሱሪ የጸሐፊና የተማሪ ልብስ ሆነ። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት ነገሩ ተለምዶ ነበር። ኮት ከሸማ የሚለየው በገላ ልክ መቆረጡ ነው። ልብስ ሰፊው በሜትር ይለካል፤ በጠመኔ ያሰምራል፤ በቀላል ስፌት አያይዞ ያለብስና ትከሻውን በስፒል ይይዛል። ያን ጊዜ ጉድለት ቢገኝ ጥፋቱ የመርፌው ይሁን የጀርባው አይታወቅም። ጀርባውን ደግሞ ለባሹ ራሱ ሊያየው አይችልም። አንድ ልብስ ሰፊ እንዳጫወተን፣ ብቻውን የሚመጣ ደንበኛ አይወድም፤ «ዛሬ ደስ ብሎት ይሄዳል፣ ነገ ሚስቱ አይታው ትመልሰዋለች» ይላል። ስለዚህ ወዳጅ ማስከተል ግድ ሆነ፤ «እንዴት ነው?» የሚለው ጥያቄም ወደ ለባሹ ዞረ። ባልቴቶቹ ስለ ማግ የተናገሩትን ያህል ስለ ሰው ትከሻ መናገር ግን ቀላል አይደለም። ለታላቅ ሰው «አላማረብዎትም» ማለት ነውር ስለሆነ፣ «ጋሼ፣ እጅጌው ትንሽ ቢያጥር» ይባላል፤ ጥፋቱ ወደ እጅጌው ይመለሳል።

ነገሩ ይበልጥ የሚረቀው በመርካቶ ነው፤ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የአራዳን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውረው ባቋቋሙት ሰፊ ገበያ ማለታችን ነው። እዚያ ሄደን ቆመን እንደ ተመለከትነው፣ አስተያየት ሦስት ጆሮ አለው። ነጋዴው ኮቱን ከለባሹ ትከሻ ላይ ሳያወርድ «ላንተ የተሰፋ እኮ ነው የሚመስለው!» ይላል። ይህን ማንም አያምነውም፤ ነገር ግን ማንም ቢሆን ሲባል ደስ አይለውም አይባልም። ለባሹ ወዳጁን ያያል። ወዳጁ ወድዶለት እንኳ ቢሆን ማመስገን አይችልም፤ ያመሰገነ እንደ ሆነ ዋጋው ይወጣልና። ስለዚህ ፊቱን ያኮሳትርና «ጨርቁ ሳስቷል፤ ቀለሙም የሚለቅ ይመስላል። ተወው፣ እንሂድ» ይላል። ይህ «እንሂድ» እንደ ነገሩ ሁኔታ «ግዛው» ማለት ነው። በእውነት ያልወደደ እንደ ሆነ ግን ብዙ አይናገርም፤ ዝም ብሎ ወደ ሌላው ሱቅ ይመለከታል። ነጋዴውም ይህን ሁሉ ያውቃል፤ ነቃፊውን ወዳጅ በደስታ ይከራከረዋል፤ የሚፈራው ዝምተኛውን ነው። እውነተኛው አስተያየት የሚነገረው ገንዘቡ ተከፍሎ፣ ልብሱ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ ሁለቱ ወደ ቤት ሲያዘግሙ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ነቀፌታ አይጠቅምምና ወደ ድሮው ምርቃት ይመለሳሉ። አንዳችን ሰፊ ኮት ገዝተን ይህን «በደስታ ልበሰው» በመንገድ ላይ ሰምተነዋል።

እስካሁን የተናገርነው ጠያቂ ስላለው አስተያየት ነው። ጠያቂ የሌለው ፍርድ ወደ ምን እንደሚያደርስ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በመጋቢት ወር 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በራስ መኰንን አዳራሽ፣ ሴቶች ተማሪዎች የሚሳተፉበት የልብስ ትርኢት ተዘጋጀ። ብዙ ተማሪዎች ትርኢቱ የባዕድ ባሕል መግቢያ ነው ብለው ተቃወሙ፤ ሁከት ተነሣ፤ ዩኒቨርሲቲውም ለጊዜው ተዘጋ። የዘመኑን የፖለቲካ ምክንያት አናቃልልም፤ ሕዝቡ እየተራበ በቅንጦት መታየት የሚያስቆጣቸው ሰዎች ቁጣ ከልብ ነበር። ዳሩ ግን በአጫጭር ቀሚስ ላይ የተነገረው ቃል ከባልቴቶቹም ከመርካቶው ወዳጅም የተለየ ዓይነት ነበር። ስለ ፈትል አልነበረም፤ ስለ ልክም አልነበረም። ባልጠየቁ ሴቶች ልጆች ላይ እንደ አባት «አደግድጊ!» የማለት ያህል ነበር፤ የተናገሯቸው ግን አባቶቻቸው ሳይሆኑ የክፍል ጓደኞቻቸው ነበሩ።

በዚያን ዘመን የዩኒቨርሲቲው ወንዶች ተማሪዎች ኮትና ሱሪ ለብሰው ወደ ትምህርት መምጣታቸው የተለመደ ነበር።