ባልዋሉበት ሜዳ

በጥንቱ የግሪክ ዘመን በኦሎምፒያ ጨዋታ ያሸነፈ ሰው ሽልማቱ ከዱር ወይራ ቅጠል የተጐነጐነ አክሊል ነበር። አክሊሉ በጥቂት ቀን ይደርቃል፤ የአሸናፊው ስም ግን ጨዋታውን በሚያስተዳድሩት በኤሊስ ሰዎች መዝገብ ተጽፎ ይኖራል። ሐሰተኛ ስፖርተኛም አጥብቆ የሚመኘው ቅጠሉን ሳይሆን ይህን መዝገብ ይመስለናል።

የሮማው ቄሣር ኔሮን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ67 ዓ.ም. ወደ ኦሎምፒያ ሄዶ ዐሥር ፈረሶች በሚስቡት ሠረገላ ተሽቀዳደመ። በመካከሉ ወደቀ፤ አንሥተው መልሰው ቢያስቀምጡትም እሽቅድምድሙን ሊፈጽም አልቻለም። ዳኞቹ ግን አሸናፊ ነህ ብለው አክሊል ደፉለት። ስዌቶኒዩስ የተባለው ታሪክ ጸሐፊ እንደሚነግረን፥ ከርሱ በፊት ያሸነፉት ሰዎች መታሰቢያ እንዳይቀር ሐውልቶቻቸው ተገልብጠው፥ በመንጠቆ ተጐትተው፥ በመጸዳጃ ጕድጓድ እንዲጣሉ አዘዘ። ከነገሩ ሁሉ እኛን የሚያሳዝነን ይህ ነው፤ በሐሰት የተገኘ ስም እውነተኛው ስም አጠገቡ ሲቆም አይወድምና። ኔሮን በ68 ዓ.ም. ከሞተ በኋላ ተተኪው ጋልባ ለዳኞቹ የተሰጠውን 250,000 ድራክማ መልሱ አለ፤ የኤሊስም ሰዎች ያንን ኦሎምፒያድ ከመዝገባቸው አስቀሩት።

ኔሮን ዳኛ የሚያስፈራ ሥልጣን ነበረው። ሥልጣን ለሌለው ሰው ግን አንድ ስልክ እንደሚበቃ በ1996 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ታየ። የሳውዝሃምፕተን እግር ኳስ ቡድን አሠልጣኝ ለነበረው ለግሬም ሱነስ አንድ ሰው ስልክ ደውሎ፥ ጆርጅ ዊያ ነኝ አለው። ላይቤሪያዊው ዊያ ባለፈው ዓመት የአውሮጳን የወርቅ ኳስ የተሸለመ ዝነኛ ተጫዋች ነበር። ደዋዩም፥ አሊ ዲያ የሚባል የአጎቴ ልጅ አለኝ፤ በፓሪስ ሴንት ዠርሜን ተጫውቷል፥ ለሴኔጋልም 13 ጊዜ ተሰልፏል ሲል አመሰገነው። ሁለቱ ዘመዳሞች የሁለት አገር ልጆች መሆናቸው እንኳ ጥያቄ አላስነሣም። በአገራችን የፎከረ ሰው አብሮት የዘመተ ጓደኛ ይመሰክርለት ነበር፤ በስልክ ለተፎከረለት ግን ማን ይመስክር? ወደ ፓሪስ አንድ ጥያቄ ቢላክ ነገሩ በዚያው ባለቀ ነበር።

ዲያ ለአንድ ወር ተቀጠረ። ችሎታውን ለመመልከት የታሰበው የተጠባባቂዎች ግጥሚያ ሜዳው ውሃ ስለ ተኛበት ቀረ። ኅዳር ወር ላይ፥ በፈረንጆች ኖቬምበር 23 ቀን፥ ሳውዝሃምፕተን ከሊድስ ጋራ ሲጋጠም የቡድኑ ኮከብ ማት ለቲሲዬ ተጎዳና በ32ኛው ደቂቃ ዲያ በርሱ ምትክ ገባ። ቦታውን አላወቀም፤ ኳስ ወዳለበት ሁሉ ይሮጥ ነበር። ለቲሲዬም ኋላ በቀልድ እያደረገ ስለዚያ ጨዋታ ብዙ ጊዜ ተናግሯል። በ85ኛው ደቂቃ ተቀይሮ የገባው ሰው ራሱ በሌላ ተቀይሮ ወጣ። ሊድስ 2 ለ 0 አሸነፈ።

የደወለው ሰው ዊያ አልነበረም። ዲያ ከብዙ ዓመታት በኋላ፥ እኔ ውሸታም አይደለሁም ብሎ ተከራክሯል፤ ቃሉን ሳንጠቅስ ብናልፍ ፍርዳችን ጐደሎ ይሆናል። በመሳቅም እንዳንቸኩል፥ ኳስን በእውነት ይወድ እንደ ነበረ እናስታውስ፤ ከሳውዝሃምፕተን ሲሰናበት ጌትስሄድ ወደሚባል ታናሽ ቡድን ሄዶ ተጫውቷል። ሆኖም የዚያ ቀን ደቂቃዎች ለዓመታት ሲሠለጥን ቈይቶ ተራውን ይጠብቅ ለነበረ ለሌላ ተጫዋች የሚገቡ ነበሩ። የዚያን ሰው ስም ዛሬ የሚጠይቅ የለም።

የኤሊስ ሰዎች የኔሮንን ኦሎምፒያድ ከመዝገብ አስቀሩ። የእንግሊዝ ሊግ መዝገብ ግን የአሊ ዲያን ስም አልፋቀም፤ አንድ ጨዋታ፥ 53 ደቂቃ፥ ጎል የለም ይላል።