በፍትጊያ ሙቀት ላሜራን የሚያያይዘው ብሎንና ለምዕራብ ጎንደር ቆላማ አካባቢዎች ያለው ፋይዳ

መተማን፣ ቋራንና ምዕራብ አርማጭሆን የሚያጠቃልሉት የምዕራብ ጎንደር ዞን ቆላማ አካባቢዎች በሰሊጥ፣ በጥጥና በማሽላ ምርታቸው ይታወቃሉ። ከሱዳኗ ገላባት ጋር በምትዋሰነው መተማ ዮሐንስም ሆነ በዞኑ ዋና ከተማ ገንዳ ውኃ ምርቱ ለገበያ እስኪቀርብ ድረስ በቆርቆሮና በላሜራ በተሠሩ መጋዘኖች ይቆያል። ሰሊጥ እርጥበት ካገኘው ይሻግታል፤ የዘይቱም ጥራት ይወርዳል። በ2000 ዓ.ም ሥራውን የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሰሊጥን በደረጃ ማገበያየት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ የጥራት መጓደል በቀጥታ ወደ ዋጋ መቀነስ ያመራል። ከቆርቆሮው ማያያዣ ሥር የሚገባ ጠብታ ውኃ የአምራቹን የዓመት ልፋት ሊቀንስ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

የመጋዘን ግንባታ ሰነድ ሲዘጋጅ ለቆርቆሮው ውፍረት ትኩረት መስጠት የተለመደ ነው። ይሁንና ጣሪያ ብዙውን ጊዜ የሚፈታው ከቆርቆሮው ሳይሆን ከመያያዣው ነው። በዓለም የብረታ ብረት ኢንዱስትሪ ስስ ብረቶችን በፍጥነት ለማያያዝ የሚያስችሉ ዘዴዎች የተስፋፉ ሲሆን፣ ከእነዚህ አንዱ በፍትጊያ ሙቀት የራሱን ቀዳዳና ጥርስ የሚሠራው ብሎን ነው።

ነባሮቹ ዘዴዎችና ጉድለታቸው

በአገራችን ላሜራን ለማያያዝ በስፋት የሚሠራባቸው ዘዴዎች ሚስማር፣ ብየዳ፣ እንዲሁም ብሎንና ዳዶ ናቸው። ባለ 28 ጌጅ ቆርቆሮ በእንጨት ሞራሌ ላይ በሚስማር መምታት ቀላልና ርካሽ ነው። ነገር ግን ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፤ ሲቀዘቅዝ ያጥራል። 6 ሜትር ርዝመት ያለው ቆርቆሮ በቀትር ፀሐይና በሌሊት ቅዝቃዜ መካከል የ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሙቀት ልዩነት ቢደርስበት ርዝመቱ በ3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይለዋወጣል። እንደ መተማ ባለ ሞቃታማ ቆላ ይህ እንቅስቃሴ በየዕለቱ ስለሚደጋገም የሚስማሩ ቀዳዳ እየሰፋ፣ ሚስማሩም እየላላ ይሄዳል። የሰኔ ነፋስና ዝናብ ሲመጣ ክፍተቱ ይታወቃል።

ብየዳ ጠንካራ ማያያዣ ቢሆንም ለስስ ላሜራ አይመችም። 0.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ በኤሌክትሮድ ሲበየድ በቀላሉ ይበሳል። ከዚህም ሌላ ቆርቆሮን ከዝገት የሚጠብቀው የዚንክ ልባስ በ907 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚተን ሲሆን፣ ብረት ግን የሚቀልጠው በ1 ሺህ 500 ዲግሪ አካባቢ ነው። በመሆኑም ብረቱ ከመቅለጡ በፊት ልባሱ ይጠፋል፤ ዝገትም ከብየዳው ሥፍራ ይጀምራል። የዚንኩን ጢስ የሚተነፍስ በያጅም ለትኩሳትና ለብርድ ብርድ ስሜት ይጋለጣል።

ብሎንና ዳዶ እነዚህ ጉድለቶች ባይኖሩባቸውም ከብረቱ በሁለቱም በኩል እጅ መግባት አለበት። ውስጡ ክፍት በሆነ ቱቦላሬ ላይ ግን ዳዶውን ከኋላ የሚይዝ አይገኝም።

የፍትጊያ ብሎን አሠራር

ሁለት ደረቅ እንጨቶችን ሰብቆ እሳት ማውጣት በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ጥበብ ነው። የፍትጊያ ብሎን መሠረተ ሐሳብም ከዚህ የተለየ አይደለም። የብሎኑ ጫፍ ሾጣጣ ሲሆን እንደ መሰርሰሪያ የሚቆርጥ ስለት የለውም። በደቂቃ በብዙ ሺህ ዙር እየተሽከረከረ በከፍተኛ ግፊት ላሜራው ላይ ሲያርፍ በሚፈጠረው ፍትጊያ ሥፍራው ይሞቃል። ብረቱ ሳይቀልጥ ይለሰልሳል፤ ጫፉም ሰርጎ ይገባል።

የለሰለሰው ብረት ተቆርጦ አይወድቅም፤ በብሎኑ ዙሪያ ወደ ታች ተገፍቶ እንደ አንገትጌ ያለ ቀለበት ይሠራል። ቀጥሎ የብሎኑ ጥርስ በዚህ ቀለበት ውስጥ የራሱን መንገድ እየቀረጸ ይገባል። በመጨረሻም የማሽኑ ፍጥነት ቀንሶ ብሎኑ በተወሰነለት ልክ ይጠብቃል። ብረቱ ሲቀዘቅዝ በብሎኑ ላይ ተኮማትሮ ስለሚይዘው በንዝረት በቀላሉ አይላላም። ሥራው በሙሉ የሚጠናቀቀው በጥቂት ሰከንዶች ነው።

የዘዴው ዋና ጥቅም ከዚሁ ቀለበት የሚገኝ ነው። 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ላሜራ ላይ በተለመደው መንገድ ጥርስ ቢወጣ ብሎኑን የሚይዘው ያው 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የተገፋው ብረት ግን ከላሜራው ውፍረት እስከ ሦስት እጥፍ የሚደርስ ጥልቀት ስለሚኖረው ብሎኑ የሚጨብጠው ጥርስ ይበዛል። ዳዶ አያስፈልግም፤ ሥራው ከአንድ ወገን ብቻ ይከናወናል፤ ለጥገናም ብሎኑን መፍታት ይቻላል።

በፍትጊያ ብረትን የመብሳት ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1923 በፈረንሳዊው ዣን ክሎድ ደ ቫሊየር እንደተሞከረ ይነገራል። ሐሳቡ በስፋት ሥራ ላይ የዋለው ግን ሙቀቱን የሚቋቋሙ ጠንካራ መሣሪያዎች ከተገኙ በኋላ ነው። የተሽከርካሪ አምራቾች አካልን ለማቅለል አልሙኒየምን ከብረት ጋር ማጣመር ሲጀምሩ የፍትጊያ ብሎን ተፈላጊነት ጨምሯል፤ ሁለቱን ብረቶች በተለመደው ብየዳ ማያያዝ አስቸጋሪ ነውና።

የቅርብ ዘመዱና ልዩነታቸው

ይህ ሁሉ ሲባል ግን የፍትጊያ ብሎን ለማንኛውም ሥራ የሚሆን አይደለም። ማሽኑ እስከ 300 ኪሎ ግራም ክብደት የሚጠጋ ግፊት ማሳረፍ ስለሚኖርበት አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በፋብሪካ ውስጥ በሮቦት ክንድ ነው። ሥሩ ያለው ብረትም ሳይጎብጥ ግፊቱን መቋቋም አለበት። በጣም ጠንካራ የሆነ ብረት ቅድሚያ መበሳት ያስፈልገዋል። የብሎኑም ጫፍ በጀርባ በኩል ተርፎ ይወጣል። ጣሪያ ላይ የቆመ ሠራተኛ በእጅ ድሪል ይህንን ሥራ ሊያከናውን አይችልም።

ለመጋዘን ጣሪያ የሚስማማው የቅርብ ዘመዱ የሆነው ራሱን በሳሽ ብሎን ነው። ይህኛው ጫፉ እንደ መሰርሰሪያ ስለት ያለው በመሆኑ ብረቱን ቆርጦ ይገባል፤ በተራ የኤሌክትሪክ ወይም የባትሪ ድሪልም ይሠራል። ቀዳዳ አስቀድሞ መብሳትና ዳዶ መፈለግ ስለሚቀር ጊዜን ይቆጥባል። ልዩነቱ ቀለበት የማይሠራና የብረት ፍቅፋቂ የሚተው መሆኑ ነው። ፍቅፋቂው በጣሪያው ላይ ከቀረ ዝናብ ሲነካው ዝጎ ቆርቆሮውን ያበላሻል።

በሰነድ ዝግጅትና በርክክብ ወቅት ሊታዩ የሚገባቸው ጉዳዮች

በወረዳና በዞን ደረጃ ግንባታና ግዥ የሚከታተሉ የሥራ ኃላፊዎች ከዚህ የሚወስዱት ቁም ነገር አለ። በሥራ ዝርዝር ሰነድ ውስጥ «በብሎን ይታሰራል» ብሎ ማለፍ በቂ አይደለም። ተሸካሚው እንጨት ወይም ቱቦላሬ መሆኑ፣ ቱቦላሬ ከሆነም የግድግዳው ውፍረት ሊገለጽ ይገባል፤ የብሎኑ ጫፍ የሚመረጠው በዚሁ ልክ ነውና። እያንዳንዱ ብሎን ዝገት የሚከላከል ልባስና ውኃ የሚያግድ የላስቲክ ዋሸር እንዲኖረው በግልጽ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በርክክብ ጊዜም ዋሸሩን መመልከት ብዙ ይናገራል። ከልክ በላይ የጠበቀ ብሎን ላስቲኩን ይጨፈልቃል፤ የላላውም ውኃ ያስገባል። የብረት ፍቅፋቂው ሥራው በተሠራበት ዕለት መጠረጉም መረጋገጥ አለበት። በአንጻሩ ተሽከርካሪና ሌሎች በፋብሪካ የተገጣጠሙ የላሜራ ዕቃዎች ሲገዙ የመያያዣቸውን ዓይነት መጠየቅ ለወደፊት ጥገና ይበጃል። በፍትጊያ ብሎን የተያያዘ አካል ሲፈታ ቀለበቱ ከተጎዳ አዲስ ብሎን በዚያው ቀዳዳ ላይጨብጥ ይችላልና።

በቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ተቋማት ለብየዳ የሚሰጠው ትኩረት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ የማያያዣ ብሎኖችን አመራረጥና አጠባበቅ በተግባር ማሠልጠን ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። የቆላው መጋዘን ከክረምቱ በፊት የሚመረመረው ከመሠረቱና ከቆርቆሮው ብቻ ሳይሆን ከብሎኑም ጭምር ቢሆን፣ በጥቂት ሳንቲሞች ልዩነት የብዙ ኩንታል ሰሊጥ ጥራት ማዳን ይቻላል።