ገበያው ሄደ፣ ጊዮርጊስ ስሙን ይዞ ቀረ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የማወራችሁ ስለ ኳስ ነው፤ የምጀምረው ግን ከገበያ ነው።

ዛሬ መርካቶ ሰባተኛ ላይ ቆሞ ያንን ሁሉ ሸክምና ግፊያ ያየ ሰው፣ ገበያው ከጥንት ጀምሮ እዚሁ የነበረ ይመስለዋል። አልነበረም። ገበያው አራዳ ነበር፤ አፄ ምኒልክ ከዓድዋ ድል በኋላ ባሠሩት በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ። እህሉም፣ ቅቤውም፣ በቅሎውም እዚያ ይሸጥ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜማ ሰዉ ከየአቅጣጫው ይጎርፋል።

በዚያው ሰፈር በ1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የሚባሉ ወጣቶች የኳስ ቡድን አቋቋሙ። ጊዜውን አስቡት! ሰሜኑ በጦርነት ይታመሳል፣ አባቶች ስንቃቸውን ቋጥረው ይዘምታሉ፤ እነሱ ደግሞ ቡድን ይመሠርታሉ። ስም ሲፈልጉ ሩቅ አልሄዱም። የሰፈራቸውን ታቦት ስም ወሰዱና ቅዱስ ጊዮርጊስ አሉት። ደጋፊው ዛሬም «ፈረሰኞቹ» የሚላቸው በነጭ ፈረስ ከሚሣለው ሰማዕት የተነሣ ነው።

ብዙም አልቆየ፣ ሚያዝያ 27 ቀን የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። የፋሺስቱ ዕቅድ ነጩን ለብቻ፣ አገሬውን ለብቻ ማኖር ነበር። አራዳን ለራሱ ወስዶ ፒያሳ አለው። የአገሬውን ገበያ ነቅሎ ወደ ምዕራብ ወሰደውና «መርካቶ ኢንዲጀኖ» ብሎ ሰየመው፤ የአገሬው ገበያ ማለቱ ነው። ኳሱንም አልተወውም፤ አበሻው ከጣሊያን ቡድን ጋር አንድ ሜዳ ላይ እንዳይጋጠም ከለከለ። ቅዱስ ጊዮርጊስንም ስሙን ነጥቆ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» አደረገው። ሊቶሪዮ የፋሺስቶች ዓርማ ስም ነው። ያንን ስም ተሸክሞ መጫወት ምን ያህል እንደሚያንገበግብ ገምቱት።

ልክ በአምስት ዓመቱ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ወደ ከተማዋ ተመለሱ። ልብ በሉልኝ፤ ፒያሳም መርካቶም የባዕዱን ቃል እንደያዙ ቀሩ፣ እስከ ዛሬም በዚያው እንጠራቸዋለን። ክለቡ ግን ሊቶሪዮን አውልቆ ጣለና ጊዮርጊስ ሆነ። እኔ ከዋንጫዎቹ ሁሉ ይህንን አስበልጣለሁ።

በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲደረግ አምስት ቡድኖች ተሰለፉ። የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን፣ አምስተኛው ጊዮርጊስ። ትናንት አብራችሁ አትጋጠሙም የተባሉት ዛሬ ፊት ለፊት ቆሙ! ዋንጫውን እንግሊዞቹ ወሰዱት። ጊዮርጊስ እስከ 1942 ዓ.ም. ጠበቀ፤ ዛሬ ግን በዋንጫ ብዛት በአገሪቱ የሚስተካከለው የለም።

ከልጆቹ ሁሉ አንዱን ሳላነሣ አላልፍም፤ ይድነቃቸው ተሰማን። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው፣ በአማርኛ ዘፈን በሸክላ ያስቀረጹት። ነጋድራስ የነጋዴዎች አለቃ ነውና ገበያና ኳስ በአንድ ቤት ተገናኙ ማለት ነው። ይድነቃቸው ከ20 ዓመት በላይ ለጊዮርጊስ ተጫወቱ፤ በኋላም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው የአፓርታይዷን ደቡብ አፍሪካ ከአህጉሩ ሜዳ ውጭ አድርገው አቆዩ። ሊቶሪዮ ተብሎ የተጫወተ ሰው ለዘር መለያየት እንዴት ይንበረከካል?

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ደግሞ የብሔራዊ ቡድናችን አሠልጣኝ ነበሩ። በአዲስ አበባ ስታዲየም የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፣ ተጋጣሚ ግብፅ። ሁለት ጊዜ ተመራን፣ ሁለት ጊዜ አቻ ሆንን። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛዋን አገባ። ሦስት ደቂቃ ያህል ሲቀር የጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛዋን ከመረብ አገናኘ። 4 ለ 2!

ባለፈው ቅዳሜ መርካቶ ውስጥ አንድ ተሸካሚ «መንገድ! መንገድ!» እያለ አጠገቤ አለፈ። ጀርባው ላይ ከራሱ የሚበልጥ ጆንያ ጭኗል። ቢጫና ብርቱካናማ ማልያው ትከሻው ላይ፣ ገመዱ በሚያርፍበት በኩል፣ ተበልቶ ሳስቷል። ሸክሙን አራግፎ ላቡን ሲጠርግ «የማን ደጋፊ ነህ?» አልኩት፣ ማልያውን እያየሁ።

«አባባ፣ የጊዮርጊስ ነኛ!» አለኝና ለሚቀጥለው ጆንያ ጎንበስ አለ።