በዓሉ ግርማ፣ ከመጥፋቱ በፊት

በእኛ ጊዜ የነበረ የሕክምና ተማሪ ከአናቶሚ አትላስ ቀጥሎ ሲቀባበለው ያየሁት መጽሐፍ ኦሮማይ ነው። መሃል ከተማ ካለ መጽሐፍ አከራይ ተይዞ ዶርም ይገባል፤ በአንድ ኪራይ አራት ሴቶች እናነበዋለን። ስንጨርስ ግን የምናወራው ስለ መጽሐፉ አልነበረም። «ሰውየውን ምን አደረጉት?» ነበር።

ይሄ እስካሁን ይከነክነኛል። የደራሲው መጥፋት ሥራውን ዋጠው። እስቲ ከመጥፋቱ በፊት ያለውን እንይ።

በዓሉ በ1931 ዓ.ም. ገደማ ኢሉባቦር፣ ሱጴ ተወለደ። አባቱ ሕንዳዊ ነጋዴ ነበሩ። ጄኔራል ዊንጌት ተማረ፤ በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከተመረቀ በኋላ አሜሪካ፣ ሚሺጋን ስቴት ሄዶ ጋዜጠኝነት አጠና። ተመልሶ መነንን፣ አዲስ ዘመንን አዘጋጀ፤ በማስታወቂያ ሚኒስቴርም ከፍተኛ ሹም ሆነ። ከአድማስ ባሻገር በ1962 ወጣ፤ የሕሊና ደወል በ1966 ተከተለ። ይህንኑ በኋላ አስፍቶ ሀዲስ ብሎ ጽፎታል። የቀይ ኮከብ ጥሪ ደግሞ አብዮቱን ተስፋ ያደረገ ሰው ድርሰት ነው። በዓሉን ከመጀመሪያ ጀምሮ ተቃዋሚ የነበረ ሰማዕት አድርገው የሚያወሩ ሰዎች ይህን መጽሐፍ የሚዘሉት ለዚህ ይመስለኛል።

በ1974 የቀይ ኮከብ ዘመቻ ሲጀመር በዓሉ በፕሮፓጋንዳው ሥራ አስመራ ተመደበ። ኦሮማይ የተወለደው ከዚያ ነው። ጋዜጠኛው ፀጋዬ እጮኛውን ሮማንን አዲስ አበባ ትቶ አስመራ ይወርዳል፤ ከፊያሜታ ጋር ፍቅር ይይዘዋል፤ በዙሪያው ሰላይ ሰላይን ያድናል፤ መጨረሻው የናቅፋ ተራሮች ላይ ነው። አንባቢን የሚያስሮጠው ስለላውና ፍቅሩ ነው። አጭር ዓረፍተ ነገር፣ ፈጣን ንግግር፤ የጋዜጠኛ እጅ ያስታውቃል። ርዕሱ ከጣሊያንኛ ወደ አስመራ ሰው አፍ የገባ ቃል ሲሆን «አበቃ፣ ከንቱ» እንደማለት ነው። መንግሥት ድል እያለ በሚዘምርበት ሰዓት የዘመቻው የራሱ ሰው እንዲህ ብሎ ርዕስ ሰጠ!

በ1975 ታተመ፤ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ። ባለሥልጣናቱ ራሳቸውን በገጸ ባሕርያቱ ውስጥ አይተዋል። በዓሉ ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 አንድ ምሽት ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። መኪናው በደብረ ዘይት መንገድ ቆማ ተገኘች።

እኔ በሙያዬ የሞት ምስክር ወረቀት እሞላለሁ፤ ሰዓት፣ ምክንያት፣ ፊርማ። አስከሬን ለሌለው ሰው ምን ይሞላል? ቤተሰቡ ለቅሶ ቢቀመጥ ተስፋ ቆረጠ ይባላል፤ ባይቀመጥ ዕድሜ ልኩን በር በር ያያል። ሐኪም ቤት ዘመዳቸው የጠፋባቸው ሰዎች ይመጡብናል፤ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ነው የሚሉት። ስለ በዓሉ የሚወራው ወሬ ሁሉ፣ እዚህ ታየ፣ እዚያ ተቀበረ የሚለው፣ ለእኛ የስለላ ታሪክ ተጨማሪ ምዕራፍ ሆነ፤ ለቤቱ ግን እንደዚያ አይደለም።

ኦሮማይ በ2017 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለንደንና ኒውዮርክ ታትሟል። የውጭ አንባቢ መጽሐፉን እንደ መጽሐፍ ሲያነበው ማየት ደስ ይላል። ለዘንድሮ ተማሪዎች ለማንበቢያ ክፍል መጽሐፍ የምታመጡ ጓደኞቼ፣ ኦሮማይ እንደሚበዛ አልጠራጠርም። ሀዲስ ያላችሁ ግን ሳትረሱ አምጡ።