ወባ የመሰለው ትኩሳት

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የተጓዘ ሰው አዲስ ዘመንን ያውቃታል። ከከተማዋ በላይ ተራራው ላይ የጣራ ገዳም ደን አለ፤ ወደ ታች ይፋግ፣ ከዚያ ሜዳው። ወረዳው ሊቦ ከምከም ይባላል።

በ1997 ዓ.ም. እዚህ ወረዳ ውስጥ ሰው በማይለቅ ትኩሳት ይሞት ነበር። በሽተኛው ይከሳል፣ ሆዱ ግን ይነፋል፣ ጣፊያው ያብጣል። ወባ ነው ተባለ። የወባ መድኃኒት ተሰጠ፣ አልሠራም። እንግዲያውስ መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተባለ።

በዚህ ስሕተት ለመፍረድ አትቸኩሉ። የጣና ዙሪያ ሰው ወባን በደንብ ያውቃታል። እ.ኤ.አ. በ1953 ደምቢያ ላይ 7,000 ያህል ሰው ጨርሳለች፤ በማግሥቱ የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅም የጤና መኮንኖችንና የኮሚዩኒቲ ነርሶችን በቡድን ያሠለጠነው እንዲህ ላለው ገጠር ነው። ትኩሳት ያየ ባለሙያ መጀመሪያ ወባን ቢያስብ ምን ይገርማል?

በሽታው ግን ካላ-አዛር ነበር፤ የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው፣ የሑመራና የመተማ ቆላ በሽታ ነው ሲባል የኖረ። ደጋው ላይ ማን ይጠብቀዋል?

ከግንቦት 17 ቀን 1997 ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 3 ቀን 2000 ድረስ በአካባቢው ብቸኛ በነበረው፣ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ባቋቋሙት ማዕከል የታከሙ ሰዎች መዝገብ ኋላ ላይ ተተነተነ። የታማሚዎቹ አማካይ ዕድሜ 18 ነበር፤ ከአሥሩ ስምንት ያህሉ ወንዶች። ከመቶ 4ቱ ሞተዋል። 45 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑት፣ ከ5 እስከ 29 ዓመት ካሉት አምስት እጥፍ ለሞት የተጋለጡ ነበሩ። የሚያብጡትና የሚያስመልሳቸውም እንደዚሁ ለሞት የቀረቡ ሆነው ተገኙ።

«የሚያስመልሳቸው» የሚለው ላይ ትንሽ እንቆይ። ይህ ግኝት የመጣው ከተራቀቀ መሣሪያ አይደለም። አንድ ሰው አልጋው አጠገብ ቆሞ «ያስመልስሃል?» ብሎ ጠይቆ ካርዱ ላይ ስለጻፈ ነው። ባይጽፍ ኖሮ ጥናቱ አንድ መልስ ይጎድለው ነበር።

ሌላ ጥናት ደግሞ 171 ታማሚዎችን ካልታመሙ ሰዎች ጋር እያጣመረ አነጻጸረ። ውሻ ያለው፣ ቀን ግራር ሥር የሚተኛ፣ ሌሊት ደጅ የሚያድር ሰው ይበልጥ የተጋለጠ ሆኖ ተገኘ። ግራር ሥር! አጎበር ቤት ውስጥ ተሰቅሎ ለቀትር እንቅልፍ ምን ይጠቅማል? እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለመጠየቅ እረኛው ፀሐይ ሲበረታበት የት እንደሚጋደም ማወቅ ያስፈልጋል። ይህን ከጤና ጣቢያው ነርስ በላይ የሚያውቅ ማን አለ?

አሁን አገራችን ውስጥ የተሠሩ የጤና ጥናቶችን ግለጡ። ስለ አሠራሩ በሚያወራው ክፍል አንድ ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ ይመጣል፦ መረጃውን የሰበሰቡት ዲፕሎማ ያላቸው ነርሶች ወይም አዋላጆች ናቸው፣ አጭር ሥልጠና ተሰጥቷቸዋል። መጨረሻ ላይ በጅምላ ይመሰገናሉ። በቃ። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው፤ የሰው መጠይቅ መሙላት ምርምር መማር አይደለም።

ደብረ ታቦር ዛሬ ነርሶችና አዋላጆች የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ አላት። ተማሪው ለመመረቂያ አንድ ጥናት ይሠራል፤ ሥራ ላይ ሲወጣ ግን ተረኝነቱ ይውጠዋል። የሚያስፈልገውም ብዙ አይደለም፦ ከሥራ ነፃ የሆኑ ሁለት ሰዓታት በሳምንት፣ አብሮ ቁጭ የሚል አንድ ልምድ ያለው ሰው፣ የራስ የሆነ አንድ ጥያቄ።

አስቡት፤ አንዲት አዋላጅ «ከወሊድ በኋላ ብዙ ደም የሚፈሳቸው ሌሊት የሚመጡት ናቸው ወይ?» ብላ ትጠይቃለች። 15 እናቶች ቢባል ምንም አይነግራትም፤ ሌሊት ከወለዱ ከስንቱ? ቀን ከወለዱስ ከስንቱ? የዓመቱን የወሊድ መዝገብ ትገልጣለች። ገጽ በገጽ ትቆጥራለች። መልሱ ጋ ሳትደርስ የሰዓቱ ዓምድ ብዙ ቦታ ባዶ ሆኖ ታገኘዋለች።

ማታ ተረኛዋ ስትገባ መዝገቡን እያስረከበቻት፣ «እቴ፣ ዛሬ ሰዓቱን እንዳትረሺ» ትላታለች።