ሰባት ሺህ ዶላር የተጠየቀበት ሽቦ

ከአምፕሊፋየር ተነሥቶ ስፒከር ላይ የሚያርፍ፣ ርዝመቱ አራት ሜትር እንኳ የማይሞላ አንድ ጥንድ ገመድ ስንት ቢባል ትደነግጣላችሁ? እ.ኤ.አ. በ2007 (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ፔር የሚባል ኩባንያ «አንጁ» ብሎ ለሰየመው እንዲህ ላለ ጥንድ የጠየቀው 7,250 ዶላር ነበር። ለገመዱ ብቻ። ስፒከሩ ለብቻ፣ አምፕሊፋየሩ ለብቻ። እኔን የገረመኝ ግን ዋጋው አይደለም፤ ለውድ ዕቃ ገዢ መቼ ጠፍቶ ያውቃል? የገረመኝ፣ ገመድ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ ከመቶ ዓመት በፊት፣ ያውም ብዙ ገንዘብ ባሕር ውስጥ ሰጥሞ፣ ታውቆ ያለቀ ጉዳይ መሆኑ ነው። ስለዚህ ታሪኩን ከሱቅ ሳይሆን ከባሕር እንጀምረው።

በኦገስት 1858 አየርላንድንና ኒውፋውንድላንድን በአትላንቲክ ወለል ላይ የሚያገናኝ የቴሌግራፍ ገመድ ተዘርግቶ አለቀ። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቡካናን የላከችው የ98 ቃላት መልእክት ለመድረስ 16 ሰዓት ያህል ፈጀ። ለአንድ ቃል አሥር ደቂቃ እንደ ማለት ነው። ምልክቱ ያን ሁሉ መንገድ ሲጓዝ እየተለጠጠ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተደረበ፣ ማዶ ሲደርስ ለመለየት ያስቸግር ነበር። በመፍትሔው ላይ ሁለት ሰዎች ተጣሉ። የኩባንያው የኤሌክትሪክ ኃላፊ ዋይልድማን ዋይትሃውስ፣ በትምህርቱ ቀዶ ሐኪም የነበረ ሰው፣ «ኃይሉን ጨምረን እንግፋው» ባይ ነው። የግላስጎው ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ዊልያም ቶምሰን፣ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው፣ ደግሞ መዳቡ ይወፍር፣ ሽፋኑም ይወፍር፣ መዳቡም የጠራ ይሁን ይላል። ዋይትሃውስ 2,000 ቮልት ያህል ለቀቀበት፤ ገመዱ በሳምንታት ውስጥ ሞተ። በ1866 ግሬት ኢስተርን የተባለችው ግዙፍ መርከብ አዲስ ገመድ ስትዘረጋ ቀድሞ በአንድ የባሕር ማይል 48 ኪሎ ገደማ የነበረው መዳብ ወደ 136 ኪሎ አድጎ ነበር። ቶምሰን ረታ። በዚያው ዓመትም የ«ሰር» ማዕረግ ተሰጠው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ዛሬ በውድ ገመድ ካርቶን ላይ የምታነቧቸው «ወፍራም»፣ «ንጹሕ መዳብ» የሚሉት ቃላት የቶምሰን ቃላት ናቸው። ውሸት አይደሉም። ቶምሰን የተናገራቸው ግን ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚጓዝ ገመድ ነው። የእናንተ ሳሎን ስንት ሜትር ነው?

እስከ 1970ዎቹ ድረስ በአሜሪካ ሰው ቤት ለስፒከር ተብሎ የሚገዛ ልዩ ገመድ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የጠረጴዛ መብራት የሚሠራበትን ባለ ሁለት ክር ሽቦ ቆርጦ ማገናኘት ነበር ደንቡ። ይህን የለወጠው ኖኤል ሊ የሚባል፣ ዘሩ ከቻይና የሆነ የሳን ፍራንሲስኮ ልጅ ነው። ታሪኩ ፊልም ይመስላል። ሎረንስ ሊቨርሞር በተባለው የመንግሥት ላቦራቶሪ መሐንዲስ ሆኖ ሲሠራ ቆይቶ፣ ከበሮ መቺ የሆነበትን ባንድ ተከትሎ ሥራውን ጥሎ ሃዋይ ሄደ። የሙዚቃው ጉዞ ፈረሰ። ተመልሶ በአማቶቹ ጋራዥ ውስጥ የሽቦ ዓይነቶችን እያፈራረቀ፣ የቻይኮቭስኪን «1812» (መድፍ የሚተኮስበትን ማለቴ ነው) እየከፈተ ያዳምጥ ጀመር። የወደደውን ወፍራም የተገመደ መዳብ «ሞንስተር» አለው፤ ጭራቅ ማለት ነው። በ1979 ሞንስተር ኬብል የሚባል ኩባንያ ነበረው።

አሁን ለሰውየው ፍርድ እንስጥ ካልን ቁጥር ያስፈልጋልና ትንሽ ታገሱኝ። ማኪንቶሽ በተባለው የአሜሪካ የአምፕሊፋየር ፋብሪካ ለዓመታት የሠራው መሐንዲስ ሮጀር ራስል የተጠቀመበት መለኪያ ቀላል ነው፦ ገመዱ በኤሌክትሪኩ ላይ የሚፈጥረው መሰናክል ከስፒከሩ 5 በመቶ አይለፍ። ስፒከሩ 8 ኦም ከሆነ የገመዱ ጣሪያ 0.4 ኦም ነው ማለት ነው። በስፒከሩና በአምፕሊፋየሩ መካከል አምስት ሜትር ይኑር። ፀጉር የምታህል፣ የስልክ ሽቦ ዓይነት ገመድ ብትዘረጉ መሄጃና መመለሻው ተደምሮ 0.8 ኦም ይሆናል፤ ወደቀ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ለቤታችሁ አምፖል የዘረጋው 1.5 የሚባለው የመዳብ ሽቦ ግን 0.12 ኦም ገደማ ነው። አለፈ፣ ያውም በሰፊው። ከዚያ በላይ ብታወፍሩት ምንም ጉዳት የለውም፤ ጥቅሙ ግን ጆሮ ዘንድ አይደርስም። ስለ ንጽሕናው ከሆነ፣ በማንኛውም ሱቅ ባለው ደህና የኤሌክትሪክ መዳብና «ኦክስጅን የሌለበት» ተብሎ በሚሸጠው መካከል ያለው የማስተላለፍ ልዩነት 1 በመቶ ገደማ ነው። የቶምሰን ዘመን መዳብ ከሻጭ ሻጭ እጅግ ይለያይ ነበር። ይህ ችግር ከቀረ ቆየ።

ስለዚህ ኖኤል ሊ ሲጀምር እውነት ነበረው። ቀጭን ሽቦ በረጅም መንገድ ድምፅ ይጎዳል። ግን ያ እውነት የሚያስከፍለው ጥቂት ዶላር ነው፣ ኩባንያ አያቆምም።

ጋዜጠኝነት የተማርን ሰዎች አንድ የማይለቀን አመል አለ፤ «ማን አተረፈ?» ብሎ መጠየቅ። ሰውየው ከመዳብ ይልቅ የተራቀቀው በሱቅ ጉዳይ ላይ ነው። ቴሌቪዥንና ቴፕ የሚሸጡ ነጋዴዎች በፉክክር ብዛት ከዋናው ዕቃ የሚያገኙት ትርፍ ሳስቶ ነበር። ሞንስተር መጣና ከጎኑ የሚሸጥ፣ ትርፉ የወፈረ ዕቃ ሰጣቸው፤ ሻጮቻቸውንም አሠለጠነላቸው። «ይህን የሚያህል ስፒከር ገዝተው በዚህ ሽቦ ሊያገናኙት ነው?» የምትለዋን ጥያቄ አስቧት። በማንም ቋንቋ ትሠራለች፤ እኛ ሰፈር «ኦሪጅናሉን ልስጥህ?» ትባላለች። ኩባንያው በልጽጎ ከ2004 እስከ 2008 የሳን ፍራንሲስኮ ስታዲየም «ሞንስተር ፓርክ» ተብሎ ይጠራ ነበር። የከተማው መራጭ ግን ውሉ ሲያልቅ የድሮው ስም «ካንድልስቲክ» እንዲመለስ በዚያው በ2004 ድምፅ ሰጥቶ አስወሰነ። ይህቺን ወድጃታለሁ።

ታዲያ የፈተነ የለም ወይ? አለ እንጂ። ስቴሪዮ ሪቪው የተባለው መጽሔት በ1983 የሎረንስ ግሪንሂልን ሙከራ አወጣ። ሞንስተር፣ ተራ የመብራት ሽቦና በጣም ቀጭን ሽቦ ተወዳደሩ፤ አድማጮቹ የትኛው እንደሚጫወት አያውቁም። ቀጭኑን ድምፁን ዝቅ ስለሚያደርገው ሊለዩት ቻሉ። ሞንስተርንና የመብራቱን ሽቦ ግን በሙዚቃ መለየት አልቻሉም። የማኪንቶሹ ፕሬዚዳንት ጎርደን ጋውም ስፒከር እየደረደረ ተመሳሳይ ትዕይንት ለሰዎች ያሳይ ነበር። ነገሩ እዚያው ማለቅ ነበረበት።

አላለቀም። በ2007 የፔሩን ገመድ የሚያሞግስ ጽሑፍ ሲወጣ አስማተኛውና ተጠራጣሪው ጄምስ ራንዲ፣ ያን ገመድ ከሞንስተር ለይቶ ለሚሰማ ሰው 1 ሚሊዮን ዶላር እሰጣለሁ አለ። ስቴሪዮፋይል መጽሔት ላይ የሚጽፈው ማይክል ፍሬመር «እኔ አለሁ» ብሎ ተነሣ። ፔር ኩባንያ ከጉዳዩ ወጣ፤ የቀሩት ሁለቱ በሁኔታዎቹ ላይ ሲጨቃጨቁ ፈተናው ሳይደረግ ቀረ። እያንዳንዱ ወገን ሌላውን ከሰሰ። በእኔ አስተያየት ግን ገመዱን የሸጠው ክፍል ነው ቀድሞ መቆም የነበረበት። ሚሊዮን ዶላር ተዘርግቶ፣ ዕቃዬ ይለያል የሚል ሰው ከጠረጴዛው ሲሸሽ ምን ይባላል?

ይህን ስል ልዩነት ሰማሁ የሚሉት ሁሉ ይዋሻሉ ማለቴ አይደለም። ይሰማሉ። ሁለት ጊዜ የተከፈተ አንድ ዘፈን፣ በሁለተኛው ጊዜ ድምፁ በጣም በጥቂቱ ከፍ ብሎ ከሆነ፣ ሰው «ከፍ አለ» አይልም፤ «ጠራ» ነው የሚለው። የወር ደመወዝ የከፈለ ሰው ደግሞ ሳይከፍት በፊት መስማት ይጀምራል። ጭካኔው እዚህ ላይ ነው፤ የሚታለለው ሙዚቃ የማይወደው ሰው አይደለም፣ በጣም የሚወደው ነው። ለዚያ ሽቦ የወጣው ገንዘብ የተሻለ ስፒከር ይገዛ ነበር፤ የስፒከር ልዩነት ደግሞ ማንም ዓይኑን ጨፍኖ የሚሰማው ነው።

ወደ ቪዲዮው እንምጣ፤ ብዙዎቻችን የምንገዛው እሱን ነው። ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ጫፍ ያላቸውን የዲቪዲ ገመዶች ታስታውሳላችሁ። በእነዚያ ዘመን መጥፎ ገመድ ምስሉን ያደበዝዛል፣ ድምፁ ላይ ጉርምርምታ ያመጣል፤ ስለዚህ የነጋዴው ወሬ ጥቂት መሠረት ነበረው። በዲሴምበር 2002 ሶኒ፣ ቶሺባ፣ ፊሊፕስና ሌሎች አራት ኩባንያዎች ኤችዲኤምአይን ይዘው ሲመጡ መሠረቱ ተናደ። በዚህ ገመድ የሚሄደው የዜሮና የአንድ ቁጥር ነው። ቁጥሮቹ ከደረሱ ምስሉ ያው ነው፤ ካልደረሱ ስክሪኑ ላይ ብልጭ ብልጭ የሚሉ ነጥቦች ይታያሉ ወይም ይጨልማል። «ቀለሙን ያደምቃል»፣ «ጥቁሩን ያጠቁራል» የሚባል ነገር የለም። በወርቅ የተለበጠ ጫፍም ዝገት ይከላከል ይሆናል እንጂ ቀለም አይጨምርም።

ርዝመት ግን ዛሬም ርዝመት ነው፤ ቶምሰን ቢነሣ ይህን ይስማማል። በ2017 የወጣው ኤችዲኤምአይ 2.1 በሴኮንድ እስከ 48 ጊጋቢት ስለሚያስተላልፍ፣ ለእሱ የሚሆን ተራ የመዳብ ገመድ ከአምስት ሜትር በላይ ሲሆን ይቸገራል። ለአዳራሽ ወይም ለፕሮጀክተር ረጅም ከፈለጋችሁ ጫፉ ላይ ማጉያ ያለው ወይም በፋይበር የሚሠራ ግዙ፤ እዚያ ላይ የምትጨምሩት ብር ሥራ ይሠራል። ለሁለት ሜትር ከሆነ ዋጋውን ትታችሁ ካርቶኑን አገላብጡ። «አልትራ ሃይ ስፒድ» የሚል፣ በስልክ ካሜራ የሚነበብ ኮድ ያለበት መለያ ተለጥፎበት እንደሆነ እዩ፤ ኮዱን አንሡት፣ ገመዱ ተፈትኖ ያለፈ መሆኑን ወዲያው ይነግራችኋል።